ቆሞ መሥራት ያቃተው ሞተር

ስለ መኪና ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው፤ ስንት ይሄዳል፣ ዳገት ይደፍራል ወይ፣ ይባላል። ቆሞ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥና ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ለራሱ ብቻ በቀስታ የሚዞርበትን ሁኔታ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በተወሰደ ቃል «ሚኒሞ» ይሉታል። ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ የተበላሸ ሚኒሞ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ርእሱን ሲሰሙ ለመጽሔት የሚሆን ነገር አይደለም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ስላላሰብሁ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አያቴ፣ እኛ የቤት ልጆች አባባ የምንላቸው፣ ኤም ጂ ቢ የምትባል ባለ ሁለት መቀመጫ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና አለቻቸው። ይህች ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ስትሠራ የኖረች ናት። የአባባ መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ስትሆን፣ እሳቸው በእኛ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ገዟት። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደርና 1,798 ሲሲ ነው፤ ኤስ ዩ የተባሉ ሁለት ካርቡራቶሮች ጎን ለጎን ቆመው ይመግቡታል። ጣሪያዋ ጨርቅ ነው። ባትሪዎቿም ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ናቸው፤ የተቀመጡት ከመቀመጫው በስተኋላ ስለ ሆነ፣ የማያውቅ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሲፈልጋቸው ማየት ያስቃል።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አመሏ ተበላሸ። በመንገድ ላይ ስትሄድ የድሮዋ ናት። ስትቆም ግን የዙር መቁጠሪያው መርፌ አንድ ጊዜ 1,500 ላይ ይወጣል፤ ወዲያው ከ500 በታች ይወርዳል፤ መኪናዋ ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። አንድ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋችብን። ከአጠገባችን የቆሙት ሁለት አዳዲስ መኪናዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩና (እነሱ ሲቆሙ ድምፅም ሚኒሞም የላቸውም) የእኛዋ ሳል ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከኋላ ያለው የታክሲ ሾፌር ጥሩንባውን ለቀቀብን።

ሁለት ጋራዥ ገባች። በመጀመሪያው ካርቡራቶሮቹን ነካክተው ቤንዚን ጨመሩላት፤ ሁለት ቀን ደኅና ሆና በሦስተኛው ባሰባት። በሁለተኛው ደግሞ ካርቡራቶሮቹ አልቀዋል፣ ሞተሩን አውጥቶ የሌላ መኪና ሞተር መግጠም ይሻላል ተባለ። አባቴ ወጪውን አሰላና ገዢ ፈለገ፤ አንድ ሰውም ከገና በኋላ መጥቶ ሊያያት ቀጠረ። ሰውዬው የሚፈልገው አካሏን እንጂ ሞተሯን አልነበረም።

አባባ ምንም አልተናገሩም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንዳት ትተዋል፤ መኪናዋን የሚነዳው አባቴ ሲሆን እሳቸው ከጎን ይቀመጣሉ። እማማ ካረፉ ጀምሮም ከግቢ የሚወጡት እሑድ እሑድ በእርሷ ብቻ ነው፤ በአባቴ መኪና እንሂድ ሲባሉ ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ። ሽያጩ በተነገረ ማግስት የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ። ከዚያ በፊት ቁልፉ ከኪሳቸው ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«አባባ፣ እስቲ እኔ ልሞክር» አልኋቸው።

«ሞክሪ የኔ ልጅ። ካቻቢቴውን ግን መጨረሻ ላይ አንሺ» አሉኝ።

ነገሩን የተረዳሁት ዘግይቶ ነው። ያልተስተካከለ ሚኒሞ ያየ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካርቡራቶሩ ብሎን ነው፤ ብሎኑ ደግሞ ለማንም እሺ ይላል። ሌላ ቦታ ያለውን ጥፋት ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል፤ ከዚያም ሁለት ጥፋት ይሆናል።

ስለዚህ ከኤሌክትሪኩ ጀመርሁ። አራቱን ካንዴላዎች ፈትቼ ክፍተታቸውን 0.64 ሚሊሜትር አደረግሁ፤ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መገናኛም ለካሁ፤ ደኅና ነበር። በካርቡራቶሮቹ አናት ላይ ያለውን ዘይት ሞላሁ። ነገር ግን ካንዴላዎቹ አራቱም እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁረዋል። ይህ የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው። አባባም ነገሩን ሲሰሙ አልገረማቸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግሊዝ አገር ልክ የሆነ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል። አባባ መኪናዋን በገዙ ጊዜ ይህንኑ አስተካክለውት ነበር፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ግን መልሶ አበዛው።

እንግዲህ እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነበር። ካንዴላዎቹ ቤንዚን በዛ ይላሉ፤ ሲቆም የሚንገዳገደው ሞተር ደግሞ ቤንዚን አነሰኝ ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በካርቡራቶሩ በኩል ያላለፈ አየር ከሌላ ቦታ ሾልኮ የሚገባ ከሆነ ነው። መኪናዋ ስትሄድ ሞተሩ እጅግ ብዙ አየር ስለሚስብ ያቺ የሾለከች አየር ከቁጥር አትገባም። ስትቆም ግን የካርቡራቶሮቹ በር ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ሞተሩ የሚተነፍሰው በጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ያን ጊዜ ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ትልቅ መስኮት ትሆናለች።

ስንጥቁን ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። በአካባቢያችን አንዳንድ ሰዎች በሚሠራ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ የድምፁን ለውጥ ያዳምጣሉ፤ አባባ ይህን እሳት መጥራት ነው ብለው ስለ ከለከሉኝ እኔ በአበባ ማጠጫ ውኃ ረጨሁ። የሚሾልክ ቦታ ውኃውን ሲስብ ዙሩ ለአፍታ ይለወጣል። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ቀጭን ቱቦ ላይ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። በማኒፎልዱ ጉዋርኒሲዮን ዙሪያ ረጨሁ፤ አሁንም የለም። በፊተኛው ካርቡራቶር ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሆን ድምፁ ጥቂት ዝቅ አለ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር፤ ነገር ግን ያቺን የምታህል ሽንቁር መርፌውን 1,500 ድረስ ልታወጣው አትችልም።

አባባ በርጩማ አስመጥተው ከፊት ጎማው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አልደከመም።

«ፉጨት አለ» አሉ። «ከካርቡራቶሩ አይደለም። ከመካከል ነው የሚመጣው።»

ከመካከል ያለው የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ነው። በፒስተኖቹ በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባውን ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ እየሳበ ዳግመኛ እንዲቃጠል የሚያደርግ ክብ ቆርቆሮ ሲሆን፣ በውስጡ ዲያፍራም የተባለ ስስ የጎማ ሽፋን አለው። አሮጌው የጥገና መጽሐፍ መመርመሪያውን በአጭሩ ይናገራል፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይነሣል፤ ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ዙሩ 200 ያህል ከፍ ይላል። ክዳኑን አነሣሁ። ምንም። መለስሁ፤ ደግሜ አነሣሁ፤ ምንም።

መያዣውን አላቅቄ ቫልቩን ስከፍተው ጎማው ከጠርዙ ግማሽ ድረስ ተቀድዷል። የተቀደደው ክፍል እንደ በር መጋረጃ ሲገለጥ አየር ይገባል፤ ሲገጥም ይዘጋል። የመርፌው መውጣትና መውረድ የእርሱ ሥራ ነበር። ለማረጋገጥ ቫልቩን አውጥቼ የማኒፎልዱን ቀዳዳ በጎማ ውታፍ ደፈንሁት። አባቴ ሞተሩን አስነሣ። መርፌው 900 ላይ ቆመ፤ በዚያው ቀረ።

ዕቃውን ለማግኘት ሶማሌ ተራ ከአባቴ ጋር ግማሽ ቀን ዞርን። አንድ ባለ ሱቅ የተቀደደውን ጎማ አገላብጦ አይቶ፣ «እኅቴ፣ ይህ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል» ብሎ መለሰልኝ። ደግነቱ እንግሊዝ አገር ለእነዚህ መኪናዎች መለዋወጫ ዛሬም ይሸጣል። ለንደን ያለችው አክስቴ ገዝታ ለገና ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከችው። ሙሉው ዕቃ በአንድ ፖስታ ውስጥ ገብቶ መጣ።

ካቻቢቴው የተነሣው ያን ጊዜ ነው። አስቀድሜ የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮዬ፣ ሌላውን በየካርቡራቶሩ አፍ ይዤ የአየሩን ድምፅ አዳመጥሁ፤ ሁለቱ እኩል እስኪፉ ድረስ ብሎኖቹን አስተካከልሁ። ቀጥሎ ከየካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ባለ ስድስት ጎን ዳዶ አንድ አንድ ጎን እያልሁ ወደ ላይ በማዞር ቤንዚኑን ቀነስሁ። ልክ መሆኑ የሚታወቀው በውስጥ ያለውን ፒስተን አንድ ሚሊሜትር ለማይሞላ ርቀት በማንሣት ነው፤ ዙሩ ጨምሮ በዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሊጠፋ ከወደቀ አንሷል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። አባባ መርፌውን ሳያዩ፣ «አንድ ጎን መልሺ» አሉኝ። መለስሁ፤ ልክ ሆነ። ከዚያም የዘይቱን ክዳን ሳነሣ ዙሩ እንደ መጽሐፉ ከፍ አለ።

አባቴ አጠገባችን ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና ስልኩን አውጥቶ ወደ በሩ ሄደ። ለገዢው ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ተመልሶ ሲመጣ ግን ቁልፉን ነቅሎ በአባባ መዳፍ ላይ አኖረው።

በሚቀጥለው እሑድ በስድስት ኪሎ በኩል ሄዱ። እኔ ሦስተኛ መቀመጫ ስለሌላት ቤት ቀረሁ። ሲመለሱ አባባ የነገሩኝ በመጀመሪያ ስለ ፊተኛው ካርቡራቶር ዘንግ ነው፤ ጥቂት ተበልቷልና ቀለበቱ መለወጥ አለበት። ለክረምት ቀጥረነዋል።