የሐይቅ ዳር ፋኖስ

ስዊዘርላንድ ባሕር ባይኖራትም ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ግን አላት። ጄኔቫ ውስጥ ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ሐይቁ በሚዘልቀው የድንጋይ ግድብ ጫፍ ላይ አንድ ነጭ ማማ ቆሟል። በቦታው የመጀመሪያው መብራት የተተከለው በ1857 ነው፤ ዛሬ የምናየው ደግሞ በ1894 የተተካው ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ዙሪክ ለተማረው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ሰጡ። ማማው የእኛ ባቡር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ጄኔቫ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ከጎኑ ባለው የሕዝብ መዋኛ ፎንዱ በልታችሁ ይሆናል፤ ቀና ብላችሁ አይታችሁታል?

እንዲህ ያለ መብራት በሐይቅ ላይ ያስፈለገው የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ነው። በጄኔቫ ሐይቅ ጊዮም ቴል የተባለችው መርከብ በ1823፣ በዙሪክ ሐይቅ ደግሞ ሚኔርቫ በ1835 ሥራ ጀመሩ። መርከብ በሰዓት መሄድ ሲጀምር፣ ቢጨልምም ጉም ቢወርድም ወደብ መግባት ግድ ሆነ።

ማማ ግን ብቻውን አይበራም። በዘይት ዘመን ጠባቂው ዘይቱን ይሞላል፣ የክሩን ጫፍ ይቆርጣል፣ ጥላሸት የያዘውን መስተዋት ይወለውላል፤ ጉም ሲወርድ ደወል ይደውላል። ከዙሪክ በባቡር ብዙም በማትርቀው በጀርመኗ ሊንዳው፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በ1856 የተጠናቀቀው ማማ መጀመሪያ የሚበራው በዘይት እሳት ነበር። በ1936 ኤሌክትሪክ ገባለት። ዛሬ ጠባቂ የለውም፤ መርከብ በሬዲዮ ሲጠራው ይበራል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። ያደግሁት ዘጌ ነው። አባቴ በጀልባ ሰውና ቡና ወደ ባሕር ዳር ያመላልሳል። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። አባቴ ከመሸበት እናቴ ፋኖሷን ይዛ ወደ ዳርቻው ትወርዳለች፤ ግንድ ላይ ትሰቅላትና አጠገቧ ትቀመጣለች። እኛን ተኙ ብትለንም የሚተኛ አልነበረም። አንድ ሌሊት የጎረቤታችን ጀልባ ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ፋኖሷን የምታወርደው የሁሉም ጀልባ ሲገባ ሆነ። ለዚህ ደመወዝ የከፈላት የለም።

ዙሪክ ለትምህርት ከመጣሁ በኋላ በሐይቁ ዳርቻ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። በደቂቃ 40 ጊዜ ከሆነ ብርቱ ንፋስ ሊመጣ ስለሚችል ተጠንቀቁ ማለት ነው፤ 90 ጊዜ ከሆነ ማዕበል ነውና ቶሎ ወደ ዳር ውጡ ማለት ነው። ጄኔቫም ያለው ሥርዓት ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያውን የሚያወጡት የአገሪቱ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ናቸው። የዛሬዎቹ ጠባቂዎች እነሱ ናቸው።

ለአባቴ በስልክ ነገርኩት።

«መብራቱን የሚያበራው ማነው ልጄ?»

«በኮምፒውተር ነው አባዬ።»

«ኮምፒውተሩንስ የሚጠብቀው?»

«ሰው ነው።»

«እንግዲያውስ እናትሽም ትችለዋለች» ብሎ ሳቀ።

የማስተርስ ጥናቴን በዙሪክ ሐይቅ ላይ ብሠራ መረጃው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ጣናን መርጫለሁ። መብራቱን መትከል ቀላሉ ሥራ ነው። የንፋሱን መረጃ ዓመት ከዓመት መሰብሰብ፣ ዘጌ፣ ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ ማን ተራ ገብቶ እንደሚጠብቅ መስማማት፣ አምፖሉ ሲቃጠል ማን እንደሚቀይረው ማወቅ ነው ከባዱ። የባሕር ዳርና የአካባቢው ልጆች፣ እንዲሁም የሜትዮሮሎጂ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ እባካችሁ በማኅበራችን በኩል ጻፉልኝ። የእናቴ ዕድሜ ገፍቷል፤ ጀልባዎቹ ግን አሁንም ሲመሽ ይገባሉ።