ጧሪዋን ተጧሪ ያደረገ ሒሳብ

ስለ ዳያስፖራ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ዶላር ነው። ስንት ሐዋላ ገባ? በባንክ መጣ ወይስ በጥቁር ገበያ? ማን ቤት ሠራ? ዶላሩን የሚልከው ሰው ሁለት ሥራ ሲሠራ ልጆቹን ማን እንደያዘለት ግን የሚጠይቅ የለም። በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው፦ አያት።

የእኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ባለፈው ዓመት፣ 90 ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ያረፈችው አያቴ አሜሪካ 30 ዓመት ኖራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ደመወዝ አልተቀበለችም፤ አንድም ቀን ሥራ ፈትታ አልዋለችም። ስለ እሷ የምጽፈው የተለየች ስለነበረች አይደለም። እንደ እሷ ያሉ እናቶች በየቤቱ ስላሉና ስናመሰግናቸው እንኳ በተሳሳተ ቃል ስለምንጠራቸው ነው። “ተጧሪ” እንላቸዋለን።

አያቴ ጎንደር የተወለደችው በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በገባበት ዘመን ነው። ባሏ ቀድሟት ሞተ። በ1976 እናቴ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስትሰደድ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። እናቴ ገዳሪፍ ከርማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው በር ሜሪላንድ ገባች። በአሜሪካ ሕግ ዜግነት ያገኘ ልጅ እናቱን ኮታ ሳይጠብቅ ማስመጣት ይችላል። በ1987 እኔና አያቴ ተከተልናት። እሷ 59፣ እኔ 11 ዓመታችን ነበር።

የደረስነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የእንጀራ አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። እዚያ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት አሉ፤ አንዱ ገና ይድሃል። አያቴ በመጣች በሳምንቱ ለሕፃናት ማቆያ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ቀረ። በወሩ እናቴ ሁለተኛ ሥራ ያዘች፣ ቀን ፓርኪንግ። ወደ ጎንደር ይላክ የነበረው ብር፣ የአክስቴ ልጆች የተማሩበት፣ ኋላም ቤት የተገዛበት ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። በሐዋላው ወረቀት ላይ ያለው ስም ግን የእናቴ ብቻ ነው።

አያቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ትጸልያለች። ከዚያ ልጆች ማጠብ፣ ማብላት፣ ትምህርት ቤት መሸኘት። ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ በስንዴ ዱቄት እየቀላቀለች እንጀራ ትጋግራለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ መኪና አትነዳም፤ በረዶ ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ ከመስኮት ውጭ አታይም። ማታ በስልክ ካርድ ጎንደር ይደወላል። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ለማን ስንት ይላክ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚመጡት እሷ ዘንድ ነው። “እማማ ካሉ ይቅር ብያለሁ” ሲሉ ስንቴ ሰምቻለሁ። ዶላሯ የሌላትን ሴት ዶላር ያለው ሁሉ ይሰማት ነበር።

ሕጉ ግን አላያትም። አሜሪካ ውስጥ በራስ ስም የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት ከደመወዝ ግብር የተቆረጠበት 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ሥራ ያስፈልጋል። የልጅ ልጅ ማሳደግ አንድም ሩብ አያስቆጥርም። እናቴ የሰው እናት ስትንከባከብ ሥራ ተብሎ ይመዘገባል፤ አያቴ የእናቴን ልጆች ስታሳድግ ሥራ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዜጋ ያልሆኑ አረጋውያንን አብዛኛውን ድጎማ የሚከለክል ሕግ ወጣ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከ55 ዓመት በላይ የሆነውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው በቋንቋው መፈተን ስለሚችል ጠበቀች። እኛ እያነበብንላት 100ውን ጥያቄ ውዳሴ ማርያምን እንዳጠናችው በጆሮዋ አጠናችና በ2002 ዜጋ ሆነች።

ከዚያ ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ ተፈቀደላት። የ15 ዓመት ልፋቷ ጡረታ ሳይሆን እርዳታ ተባለ። ይባስ ብሎ ልጁ ቤት ተቀምጦ ቀለብና መጠለያ የሚያገኝ ሰው ከከፍተኛው ክፍያ ሲሶው ይቀነስበት ነበር። ቤቱን ያቆመችው ሴት ቤቱ እንደሚመግባት ጥገኛ ተቆጠረች።

“የእናት ውለታ በገንዘብ አይተመንም” የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ከፋዮቹ ናቸው። ጉዳዩ ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የመወሰን መብት ነው። አያቴ በየዓመቱ ጥምቀትን ጎንደር ማክበር ትመኝ ነበር። ለቲኬት የሚሆን የራሷ ገንዘብ ስላልነበራት መጠየቅ ነበረባት። በጠየቀች ቁጥር አዲስ ልጅ ይወለዳል፤ “ይሄ ትንሽ ከፍ ይበልና” ትባላለች። በ30 ዓመት ውስጥ አገሯን ያየችው ሁለት ጊዜ ነው። የሰውን ገንዘብ የምታከፋፍል ሴት የራሷን መንገድ መክፈል አልቻለችም።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጃቸው ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሄዳ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች በየሰፈራችን አሉ። ልጅቱ የምትልከውን ብር ሁሉም ያውቀዋል። ያለ አያቲቱ ግን ልጅቱ ከቤት መውጣት አትችልም ነበር። እዚህም ጡረታ የሚከተለው ደመወዝን ነው፤ ደመወዝ ለሌላት አያት የሚቆጠር የአገልግሎት ዘመን የለም።

አያቴ ስትሞት የሞት ምስክር ወረቀቱ “በሕይወቷ አብዛኛውን ጊዜ የሠራችው ሥራ ምን ነበር?” ብሎ ይጠይቅ ነበር። የተጻፈው “የቤት እመቤት” ነው። ሁለት አገር ላይ ሰባት ልጅ ያሳደገች፣ ሁለት ደመወዝ ከቤት እንዲወጣ ያስቻለች፣ በእርቅ ስንት ትዳር ያቆመች ሴት በሁለት ቃል አለቀች።

መንግሥታት ሒሳባቸውን እስኪያስተካክሉ መጠበቅ አያስፈልግም። እናት ያላችሁ፣ በስሟ የባንክ ደብተር አውጡላት። ሐዋላ ሲላክ ድርሻዋን በእጇ ስጧት። አገሬን ልይ ስትል ቲኬቱን የምትለምነው ሳይሆን የምትቆርጠው እሷ ትሁን። እንግዳ ሲመጣም “እናቴን እየጦርኩ ነው” አትበሉ። ማን ማንን እንደጦረ መጀመሪያ ቁጠሩ።