ስለ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ባሌስትራ

ሰው አሮጌ ነገር በእጁ ሲገባ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንዱ አሮጌ በመሆኑ ብቻ ይንቀውና በአዲስ ሊለውጠው ይቸኩላል፤ ሌላው አሮጌ በመሆኑ ብቻ ያከብረውና ዝገቱን እንኳ እንዳይነኩበት ይከለክላል። እኛ በሁለቱም ወድቀናል። እንዴት እንደ ወደቅንና ማን እንዳነሣን ብንተርክ፥ ከጓደኞቻችን መካከል አንድ ሰው እንኳ ይጠቀምበት ይሆናል ብለን ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል።

ነገሩ የተጀመረው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ነው። አብሮን የሚኖር አንድ የመንዝ ልጅ አለ፤ ቤተ ሰቦቹ መሐል ሜዳ ናቸው። አባቱ ከብዙ ዓመት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዟት ረጅም ላንድሮቨር አለቻቸው። ሲሪስ ሦስት የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ድረስ ሲሠራ የነበረው ዓይነት ናት። በገበያ ቀን ሚኒባስ ወደማይደፍረው ገጠር ሰውና ገብስ፥ በግና ባና እየጫኑ ስድስት ልጆች አሳድገውባታል። ባልንጀራችን የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠው በእርሷ ገቢ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

አንድ ማታ ከቤት ስልክ ተደወለ። አባቱ ጀርባቸውን ታመዋል፤ ሐኪሙም እንዲህ በምታነጥር መኪና መንዳት እንዲተዉ መክሯቸዋል። መኪናዋን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ የሚወስድ ሰው መጥቶ፥ አባት እሺ ለማለት ጥቂት ቀርቷቸዋል። ባልንጀራችን ስልኩን ዘግቶ ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «የፊት እግሯን እለውጠዋለሁ!» አለ።

ሐሳቡ ይህ ነበር። ላንድሮቨሯ የቆመችው በባሌስትራ ላይ ነው። ባሌስትራውን አውጥቶ፥ ከሶማሌ ተራ ከአዲሱ ዓይነት የወለቀ ጥቅልል ሞላ ገዝቶ ሊያስገባላት አሰበ። በዕረፍት ጊዜ እየሠራ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው። ማስረጃውም ቀላል አልነበረም። «ፋብሪካው ራሱ ባሌስትራውን ትቶታል! ሬንጅሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ በጥቅልል ሞላ ነው። ላንድሮቨሩም በ1983 ተከተለ። ቶዮታ እንኳ በላንድክሩዘር 70 ላይ እስከ 1999 ከቆየ በኋላ የፊቱን ባሌስትራ ለውጧል። የሠራው ሰው የተወውን እኔ ምን ብዬ እጠብቃለሁ?» ይለን ነበር።

እኛ ሁለታችን ደግሞ ጠባቂዎች ሆንን። እውነቱን ለመናገር ከመኪናዋ ይልቅ ክርክሩን ወደድነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ጥንታውያን ሕንፃዎች የቬኒስ ቻርተር እንደ ወጣ፥ የጥንታውያን ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም በ2012 ስለ አሮጌ መኪናዎች አያያዝ የቶሪኖ ቻርተር የተባለውን ማጽደቁን አንብበን ነበርና፥ «ለውጥ ካስፈለገም ወደ ቀድሞው ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት» እያልን ሰበክነው። ባልንጀራችን አዳመጠንና፥ «የቶሪኖ ሰዎች የአባቴን ወገብ ያውቁታል ወይ?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ሆኖም ከክርክሩ መካከል አንድ ቁም ነገር ወጣ። ባሌስትራ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሸክም ይችላል፥ አክስሉንም ወደ ፊት፥ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዳይሄድ ከቦታው ይይዘዋል። ጥቅልል ሞላ ግን ሸክም ብቻ ነው የሚችለው። አክስሉን የሚይዙ ክንዶችና አግዳሚ ዘንግ ሊጨመሩ ግድ ነው፤ እነዚህም የሚታሰሩበት ቦታ በሻንሲው ላይ በብየዳ መበጀት አለበት። ፋብሪካው በ1983 ሞላ ብቻ አልለወጠም፤ ሻንሲውንም ለሞላው እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። የአዲስ አበባው ቮልስዋገንም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው 1302 ላይ የፊቱ አሠራር ሲለወጥ የመኪናው አፍንጫ አብሮ ተለውጧል። ባልንጀራችን ይህን ሲሰማ «ብየዳ እኮ በየመንደሩ አለ» ብሎ አለፈው። እኛም ብየዳ ጨብጠን ስለማናውቅ ዝም አልን።

ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ደግሞ ሦስታችንም እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው፥ ያችኑ ይዞ እንዴት እንደሚኖር ማሰብ አለበት። አባት መኪናዋን ከሸጧት ሌላ አይገዙም።

በጥር ዕረፍት ሦስታችንም ተነሣን። ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ለቀን ወደ ግራ ታጥፈን፥ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያን ሌሊት የመንዝ ብርድ ምን እንደ ሆነ ሁለት ባና ደርበን ተማርን። ጧት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ሰላምታ ስንሰጣቸው ለመቀመጥ በእጃቸው ግድግዳ ሲደገፉ አየን፤ የቶሪኖው ስብከታችንም በዚያው ጠፋ።

ከሁሉ በፊት እንሳፈርባት ተባለ። ባልንጀራችን ነዳ፤ እኛ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከከተማው ወጥተን ወደ ግሼ በሚወስደው በኩል ጥቂት እንደ ሄድን ራሳችን ከጣሪያው ጋር መጋጨት ጀመረ። ትንሽ ድንጋይ ላይ ስትወጣ መላ አካሏ ይዘላል እንጂ ባሌስትራው አይተጣጠፍም። «አያችሁ?» አለ ባልንጀራችን። አየን፤ አንገታችንም አየ።

በከተማው ለብዙ ዘመን መኪና ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ አባት እንዲመጡ ላኩባቸው። ሽማግሌው ሞላውን፥ ክንዶቹንና ዕቅዱን ሁሉ በዝምታ ሰሙ። ከዚያም ትንሽ መዶሻ አንሥተው ከመኪናዋ ሥር ገቡና ሻንሲውን ከፊት ጀምረው ኳ ኳ ያደርጉት ጀመር። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርሱ ግን እንደ ጭቃ ደነዘ። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሲሉት ዝገቱ ተፈርፍሮ ወደቀ። «አግዳሚውን ዘንግ የምትበይዱት እዚህ ላይ ነው?» አሉ። አዎን፥ እዚያው ላይ ነበር። «እንግዲህ ይኼ በቁልቁለት ላይ ቢላቀቅ ጎማው ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ መሪውም አይሰማችሁም።» ከዚያ በኋላ ስለ ብየዳው የተናገረ ሰው የለም። በመንዝ መንገድ ዳር ገደል ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ያየ ሰው ዝምታችንን ይረዳልናል።

ባልንጀራችን ክፉኛ አዘነ። እኛ ግን፥ አሁን ስናስበው ያሳፍረናል፥ ደስ አለን። «እኛ አላልንም ነበር?» ለማለት አፋችንን ስንከፍት ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩና፥ «እናንተስ ምኑን ነው ጠብቁ የምትሉት? ባሌስትራውን አይታችሁታል?» አሉ። አላየነውም ነበር።

በክሪክ አነሣናት፤ ሻንሲዋን በድንጋይ ደግፈን እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉትን ቡሎኖች ፈታን። ባሌስትራው ወርዶ መሬት ላይ ሲዘረጋ፥ ለእኛ ዓይን እንኳ ግልጽ ነበር። ከንጣፍ ብረቶቹ መካከል ሁለቱ የእርሷ አልነበሩም። ከሌሎቹ በጣም ይወፍራሉ፤ የጭነት መኪና ናቸው። አባት ቀረብ ብለው አዩና አስታወሱ። ከብዙ ዓመት በፊት ገብስ አብዝተው ሲጭኑ ንጣፍ ተሰበረ፤ አንድ ጠጋኝም «አጠንክሬልዎታለሁ» ብሎ እነዚህን ጨመረላቸው። ባልንጀራችን ያኔ ሕፃን ነበር። እርሱ «አሮጌው አሠራር አይረባም» እያለ የሚኮንነው፥ እኛም «የጥንቱ አይነካ» እያልን የምንሟገትለት ባሌስትራ፥ ከሁለት አሠርት ዓመት በላይ በመኪናዋ ላይ አልነበረም።

በክፍል የተማርነው ቀመር ያን ጊዜ ትዝ አለን። የንጣፍ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ንጣፎችን ዝገት አጣብቆ እንደ አንድ ካደረጋቸው ደግሞ፥ ለየብቻ ከሚኖራቸው ድምር አራት እጥፍ ይገትራሉ። የእኛዎቹ ሁለቱም ደርሶባቸዋል፤ ወፍራም ገብቶባቸዋል፥ የቀሩትም እርስ በርሳቸው በዝገት ተያይዘዋል። ባሌስትራው ሲተጣጠፍ የሚረዝምበት ማንጠልጠያም ደርቆ አይንቀሳቀስም፤ ጎሚኒዎቹ አልቀዋል፤ አንደኛው አሞርዛተር ዘይቱን ጨርሶ ባዶ ቱቦ ሆኗል። በፈተና ላይ ይህን ቀመር ጽፈን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበት ነበር። በመኪና ሥር ተኝተን ልንጠይቀው እንደሚገባ ግን አላሰብንም።

አምስት ቀን ሠራን። እያንዳንዱን ንጣፍ በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው፥ በነጭ ጋዝ አጠብነው፥ ግራሶ ቀባነው። በሁለቱ ባዕዳን ፋንታ፥ ሞታ ከቆመች ሌላ ላንድሮቨር የወለቁ ልኮቿ ተገኙ። ባልንጀራችን ለሞላ ያጠራቀመው ገንዘብ ለጎሚኒና ለሁለት አዲስ አሞርዛተር ሆነ፤ ተርፎም ለአባቱ መድኃኒት ተገዛ። ስንገጥም እኛ ቡሎኖቹን ባለን ኃይል ልናጠብቅ ስንል ሽማግሌው መፍቻውን ከእጃችን ወሰዱት። «መኪናዋ በእግሯ ሳትቆም አታጥብቁ!» ምክንያቱንም አስረዱን፤ ተንጠልጥላ ሳለች ቡሎኑ ከታሰረ፥ ስትወርድ ጎሚኒው እንደ ተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። በመጽሐፋችን ውስጥ ይህን አላነበብነውም።

አንድ ነገር ግን ለወጥን። የሾፌሩን መቀመጫ በመንዝ በግ ጠጕር ሞልተን አለሰለስነው። ይህ ቻርተር ይስማማው አይስማማው ማንም አልጠየቀም፤ ቢያሻ በአንድ መርፌና ክር ወደ ቀድሞው ይመለሳልና።

በስድስተኛው ቀን መሪውን አባት ራሳቸው ያዙ። ልጃቸው ሊከለክላቸው ቢሞክር አልሰሙትም። በዚያው በግሼ መንገድ፥ በዚያው ድንጋይ ላይ ወጣን። የፊት እግሯ ድንጋዩን ዋጠው። አልጋ ላይ ነን አንልም፤ ላንድሮቨር ላንድሮቨር ናት፤ ራሳችን ግን ከጣሪያው ጋር አልተገናኘም። አባት አቁመው ወረዱ፤ ጎንበስ ብለው የፊት ጎማውን አዩና፥ «ለካ ታማ ነው እንጂ አርጅታ አልነበረም» አሉ።

ማታ ምድጃ ዳር፥ ስለ ለዋጭና ስለ ጠባቂ የነበረንን ክርክር አጫወትናቸው። ሳቁና የጓሣ ሣር ጣሪያቸውን አሳዩን። «ይኸ ሣር ባረጀ ቁጥር ይለወጣል። ቤቱ ግን የአባቴ ቤት ነው። ጎረቤቴ ለሣር በተሠራ ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ ጫነበት፤ ዝናብ ሲመጣ ንግግር አይሰማም፥ ሌሊትም ይበርደዋል። ቆርቆሮ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቤቱን ሳይጠይቅ ስለ ጫነው ነው።»

ባልንጀራችን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተረታም። «ሻንሲዋ ያለቀ ቀን፥ ሻንሲውንም ሞላውንም አንድ ላይ እለውጣለሁ» ይላል። ትክክል ነው እንላለን፤ ፋብሪካውም ያደረገው ያንኑ ነው። አባትም ለዘለዓለም አልነዱም። አንድ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ መሪውን ለሁለተኛው ልጃቸው አስረከቡ። ነገር ግን ያስረከቡት የምትሠራ መኪና ነው፤ ለቁርጥራጭ ገዢውም «አትሸጥም» ብለው የመለሱት ራሳቸው ናቸው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! በአገራችን ከአባቶቻችን የተረከብነው ብዙ ነገር አለ፤ ነገም በየተመደብንበት መሥሪያ ቤት ሌላ እንረከባለን። «አሮጌው አይሠራም» ወይም «አሮጌው አይነካ» ብለን ጎራ ከመለየታችን በፊት፥ አውርደን ንጣፉን እንቍጠር። የምንጣላበት አሮጌ ነገር፥ ከጊዜ በኋላ የገባ የባዕድ ንጣፍና የተጠራቀመ ዝገት ብቻ ሊሆን ይችላል።

እነዚያን ሁለት ወፍራም ንጣፎች ሽማግሌው ሊጥሏቸው አልወደዱም። የባሌስትራ ብረት ጥሩ ብረት ነውና ለአንጥረኛ ሰጧቸው። አንደኛው ማረሻ ሆኖ በሚቀጥለው ክረምት የአባትን የገብስ ማሳ አረሰበት፤ ሁለተኛው ገና ተራውን ይጠብቃል።