ስትወድቅልኝ ነበር?

እኔ ጎበዝ ወዳቂ ነኝ፡፡ እንዳትስቁ! አይኪዶ የጀመረ ሰው ከመጣል በፊት የሚማረው መውደቅን ነው፡፡ አገጭህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ፣ ክንድህን ክብ ታደርጋለህ፣ በትከሻህ ተንከባለህ ትነሳለህ፡፡ እኔ ስወድቅ ፍራሹን በመዳፌ “ጧ!” ስለው ቆሞ የሚያይ ሁሉ ያጨበጭባል፡፡ ችግሬ ምን መሰላችሁ? ሳልጣልም እወድቃለሁ፡፡

ለማታውቁት ባጭሩ፡፡ አይኪዶን የመሠረተው ጃፓናዊው ሞሪሄይ ኡዌሺባ (እ.ኤ.አ. 1883-1969) ነው፡፡ ልምምዱ በጥንድ ነው፡፡ አንዱ አጥቅቶ ይጣላል፣ “ኡኬ” ይባላል፡፡ ሌላው ይጥላል፣ “ናጌ” ይባላል፡፡ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ፡፡ በአብዛኞቹ ቤቶች ውድድር የለም፤ ዳኛም ሜዳሊያም የለም፡፡ ስለዚህ ጉልበትህ ሳይሆን ዘዴህ መሥራቱን በሰውነቱ የሚመሰክርልህ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የምትጥለው ሰው፡፡ እሱ ከዋሸህ አለቀልህ፡፡

እኔ ዋሸሁ፡፡

ጓደኛዬ ቀን እዚሁ ሐዋሳ ባጃጅ ሲነዳ ይውልና ማታ ልምምድ ይመጣል፡፡ “ኮቴ ጋኤሺ” የሚባለውን፣ የእጅ አንጓ አዙሮ መጣልን ይወዳል፡፡ አንጓዬን ይዞ ሲያዞር ግን ክርኔ ነፃ ነው፤ ሚዛኔም አልተነካም፡፡ ብቆም መቆም እችላለሁ፡፡ ግን ከፒያሳ አሞራ ገደል ሲመላለስ የዋለ ሰው ፊት እንዴት ተገትሬ ልቁም? ይሉኝታ ያዘኝና “ጧ!”፡፡ እሱም ፈገግ ይላል፡፡ እንዲህ እያልን ስድስት ወር፡፡

አንድ ማታ ቴኳንዶ የሚሠራ ልጅ ሊሞክር መጣ፡፡ ጓደኛዬ አንጓውን ያዘና አዞረ፡፡ ልጁ ቆሟል፡፡ ደገመው፡፡ ልጁ አሁንም ቆሟል፡፡ ክፋት አልነበረበትም፤ መውደቅ እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው፡፡ ጓደኛዬ ልጁን አይደለም ያየው፤ እኔን ነው፡፡

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁን ጥግ አስይዞ አቆመና፣ “ስድስት ወር ሙሉ ስትወድቅልኝ ነበር?” አለኝ፡፡

“ልኝ” የምትለዋ ነች የገደለችኝ፡፡

ከዚያ በኋላ ተገላበጥኩ፤ ግንድ ሆንኩ፡፡ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቀድሜ ስለማውቅ ገና ሲጀምር እዘጋበታለሁ፡፡ ሐቀኛ የሆንኩ መሰለኝ፡፡ ኧረ ወዲያ! ጥያቄውን ቀድሞ አይቶ የገባ ተፈታኝ ምን ያኮራዋል? የሚመጣውን ያወቀ ሰው ማንኛውንም ዘዴ ያከሽፋል፡፡ ወደ ቀኝ ስገትር ወደ ግራ ሊጥለኝ ይችል ነበር፤ የዕለቱ ልምምድ ግን አንድ ዘዴ ብቻ ስለሆነ እጁ ታስሯል፡፡ እኔ የታሰረ ሰው ላይ ነበር የምጎብዘው፡፡ አንድ ቀን እሱም እልህ ይዞት ጫን አለ፣ እኔም ገተርኩ፣ አንጓዬ “ቀጭ” አለ፡፡ ሦስት ሳምንት በግራ እጄ እየጎረስኩ እናቴን አሳፈርኩ፡፡

በነዚያ ሳምንታት ስለ አንድ ሰው ሳስብ ሰነበትኩ፡፡ ዶናልድ ሌቪን “ሰምና ወርቅ” በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል መጽሐፍ ያሳተመ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነበር፡፡ ብዙዎቻችን የምናውቀው በዚህ ነው፡፡ ሰውዬው ግን የአይኪዶ መምህርም ነበር፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮታል፡፡ በቲያትርና በሰርከስ ይንቀሳቀሱ የነበሩ የሐዋሳ ወጣቶች አይኪዶን እዚህ ሲተክሉ ከደጋፊዎቻቸው አንዱ እሱ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 አረፈ፡፡

እና የኔስ አወዳደቅ ሰምና ወርቅ አልነበረም እንዴ? ሰሙ ትህትና ነው፤ “አንተ ጎበዝ ነህ” ይላል፡፡ ወርቁ ግን ንቀት ነው፤ “እውነቱን አትችለውም” ይላል፡፡ ጓደኛዬን ያመመው መሸነፉ አይደለም፤ ወርቁን ማግኘቱ ነው፡፡ ደግሞ ይሄ የፍራሽ ላይ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ ጓደኛችን የጻፈውን ሲያሳየን “አሪፍ ነው!” ብለን የምንገላገለው ስንቶቻችን ነን?

ኬንጂ ቶሚኪ የሚባል የኡዌሺባ ተማሪ ይሄ ጉዳይ አሳስቦት ውድድር ያለው አይኪዶ ፈጥሯል፡፡ እኔና ጓደኛዬ ግን ውድድር ውስጥ ሳንገባ ተስማማን፡፡ ሳጠቃ የእውነቴን አጠቃለሁ፤ ግንባሩን ካልኩ እጄ ግንባሩ ጋ መድረስ አለበት፡፡ በዝግታ እንሠራለን፡፡ ሚዛኔ ካልተነካ እቆምና “ክርኔ ነፃ ነው” እለዋለሁ፡፡ ከተነካ ግን ለመቆም አልፍጨረጨርም፤ እወድቃለሁ፡፡ በቀጣዩ ተራ እሱም እንደዚሁ፡፡ በስድስት ወር ያላገኘውን ክርን በሁለት ሳምንት አገኘው፡፡

ባለፈው ሐሙስ አንጓዬን ያዘ፡፡ ክርኔ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተረከዜ ለቀቀ፣ ጣሪያውን አየሁት፡፡ አወዳደቄ አላማረም፤ “ጧ!” ለማለት እንኳን አልደረስኩም፡፡ ቀና ስል ከላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶልኛል፡፡

ስትወድቅልኝ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፡፡