ከአፍ ወደ ጆሮ፤ ስለ ጌሊክ ሕዝብ መዝሙር

ሰው ምርኩዝ የሚይዘው እግሩ ሲደክም ነው፤ ሲበረታ ይጥለዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን በችግር የተያዘ ምርኩዝ ውሎ አድሮ በትረ ክብር ይሆናል። በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ባሉት ደሴቶች፥ ይልቁንም በሉዊስ ደሴት፥ በጌሊክ ቋንቋ የሚዜመው መዝሙረ ዳዊት እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያ አገር ሕዝብ የሚበዛው በፕሬስቢቴሪያን ሥርዐት የሚኖር ነው። በጥንታዊው ልማድ በቤተ ጸሎቱ ዕጣን አይታጠንም፤ ከበሮና ጸናጽል ቀርቶ ኦርጋን እንኳ አይሰማም። ሕዝቡም ለጸሎት ይቆማል፥ ለመዝሙር ይቀመጣል፤ ይህ ቆሞ ማኅሌት ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ከመስበኪያው ሥር የተቀመጠው መሪ አንዱን ስንኝ ፈጠን አድርጎ ብቻውን ያወጣል፤ ሕዝቡም ያንኑ ተቀብሎ እጅግ እያዘገመ ይመልሳል። የዜማው መሠረት ለሁሉ አንድ ሲሆን፥ የድጓ ተማሪ ርክርክ የሚለውን የመሰለ ጌጥ ግን እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይጨምርበታል። አንዱ ሲቀድም ሌላው ይከተላል፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይጥላል። ያለፈው ስንኝ ፈጽሞ ሳይቆም መሪው የሚመጣውን ስለሚያነሣ፥ ዝማሬው ማዕበል ማዕበልን እንደሚገፋ ሆኖ ይቀጥላል።

ይህ ልማድ ለውበት ተብሎ የተጀመረ አይደለም። በ1640ዎቹ ዓመቶች በለንደን በዌስትሚንስተር የተሰበሰበው ጉባኤ፥ ከሕዝቡ ብዙው ማንበብ የማይችል ስለ ነበረ፥ አንድ ሰው መዝሙሩን ስንኝ በስንኝ እያነበበ ጉባኤው እንዲከተለው መከረ። በ1659 የአርጋይል ሲኖዶስ 50 መዝሙሮችን በጌሊክ ግጥም አሳተመ፤ ሙሉው የዳዊት መዝሙር በ1694 ወጣ። ነገር ግን መጽሐፉም አንባቢውም ጥቂት ነበረ። ሐዲስ ኪዳን በስኮትላንድ ጌሊክ የታተመው በ1767፥ የብሉይ ኪዳን ኅትመት የተፈጸመው በ1801 ነው። እስከዚያ ድረስ ለብዙው ምእመን መጽሐፉ የመሪው አፍ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ሕዝቡም ፊደል ለየ። በሌላው የብሪታንያ አገር ልማዱ እያደር ሲቀር፥ በጌሊክ አገር ግን ምርኩዙን የሚጥል አልተገኘም። ማንበብ የሚችሉት ሰዎች መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ሳለ መሪው ስንኙን እስኪያወጣላቸው ይጠብቁ ነበር። ለድካም የተሠራው ሥርዐት ጸጋ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በ1844 ዮሴፍ ማይንጸር የተባለ ጀርመናዊ የዜማ መምህር ከሮስ አውራጃ ዘማርያን የሰማውን በኤውሮፓ የዜማ ምልክት ጽፎ አሳተመ። ድካሙ የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን መቶ ሰው በመቶ መንገድ የሚያዜመውን በአንድ መሥመር ላይ ማስፈር አይቻልም። ይህን የኢትዮጵያ የዜማ መምህራን ማስረጃ ሳይጠይቁ ይረዱታል። የድጓው ምልክት በቃሉ ራስ ላይ ተጽፎ ሳለ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት የሚቀመጠው፥ ምልክት ያወቁትን የሚያስታውስ እንጂ ያላወቁትን የሚያስተምር ስላልሆነ ነው።

ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ ይህ ሕዝብ መንፈሳዊ ቅኔም አለው። ከባለቅኔዎቹ ዋናው በራኖክ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ዱጋልድ ቡካናን ነው፤ መዝሙሮቹ ሐዲስ ኪዳን በታተመበት በ1767 ታተሙ፥ እርሱም በማግሥቱ ዓመት ዐረፈ። ከድርሰቶቹ አንዱ በመቃብር አጠገብ የተገኘ ራስ ቅል ነው። ባለቅኔው ራስ ቅሉን ይዞ፥ አንተ ጌታ ነበርክ ወይስ ሎሌ? መልከ መልካም ልጃገረድ ነበርሽ ወይስ ዳኛ? እያለ ይመረምረዋል፤ ራስ ቅሉ ግን መልኩንም ማዕርጉንም አፈር ስለ በላው አይታወቅም። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ባለቤቱን የሩቅ አገር ሰው ነው አይለውም። መዝሙረ ዳዊት ብቻ በሚዜምባቸው አጥቢያዎች እንዲህ ያለው ቅኔ ከጉባኤ ይልቅ በየቤቱ ይኖር ነበር። በቤትም ጧትና ማታ አባት መጽሐፍ ያነብባል፥ ቤተ ሰቡ ዳዊት ያዜማል፤ ሕፃኑ ፊደል ሳይቈጥር ዜማውን በጆሮው የሚለቅመው እዚያ ነበር።

ዛሬ ክርክሩ ሌላ ነው። የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን በ2010 ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ መዝሙርና የዜማ መሣሪያ የወደደ አጥቢያ እንዲጠቀም ፈቀደች። ብዙዎች በዚህ አዘኑ፤ ሌሎችም ደስ አላቸው። ነገር ግን ለዚህ ዜማ ከኦርጋኑ ይልቅ የሚያስፈራው የቋንቋው ማነስ ነው። በ1891 የጌሊክ ተናጋሪ ከ250,000 ይበልጥ ነበር፤ በ2011 ወደ 57,000 ወረደ። በ2022 ቍጥሩ ወደ 69,000 ቢያድግም፥ በምዕራብ ደሴቶች ግን ተናጋሪው ከሕዝቡ እኩሌታ በታች ሆነ። ቋንቋው በሌላ ስፍራ ተማሪ ሲያገኝ፥ አያት ለልጅ ልጅ በሚያወርስበት ቤት እየጠበበ ሄደ ማለት ነው።

በ2003 በሉዊስ ደሴት ባክ በተባለው መንደር የብዙ ሰው ዝማሬ በድምፅ መቅረጫ ተያዘ፤ ከሩቅ አገር ያሉ ሰዎችም ሰምተው ተደነቁ። መልካም ተደርጓል። የተቀረጸ ድምፅ ግን እንደ ድጓው ምልክት ነው፤ ያስታውሳል እንጂ አይወልድም። ሰሚው አብሮ ቢያዜም እንኳ የሚያቃናው መምህር፥ የሚጠብቀው ጎረቤት የለውም። ይህ ዝማሬ መሪ ሲያወጣ የሚቀበል ጉባኤ ይፈልጋል። መጽሐፍ ያልነበረው ሕዝብ ዜማውን ጠብቆ ለልጁ ያደረሰው አፍና ጆሮ በአንድ ቤት ስለ ነበሩ ነው፤ አሁን መጽሐፉም የተቀረጸውም ድምፅ ሞልቶ ሳለ የሚጐድለው ያ ቤት ነው። ስለዚህ ዜማ ያለው ሕዝብ ሁሉ፥ በሉዊስም ቢሆን በሌላ አገር፥ መጻሕፍቱ በዕቃ ቤት ስንት እንደ ሆኑ ከመቍጠሩ አስቀድሞ፥ ማታ በቤቱ ሲዘመር ከሽማግሌው አጠገብ የተቀመጠ ሕፃን እንዳለ ይመልከት።