ቀይ የቀባነው ሰፈር



ዘንድሮ ለጂአይኤስ ኮርስ የቡድን ሥራ የመረጥነው ቺካጎን ነው። ሌላ ምክንያት የለንም፤ ዳታው በነፃ ይገኛል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ፖሊስ የመዘገባቸውን ወንጀሎች ከነቦታቸው ለሕዝብ ክፍት አድርጋለች። የ77ቱ አካባቢዎቿ የነፍስ ወከፍ ገቢና የተጨናነቁ ቤቶች መጠንም ይገኛል። ከ2008 እስከ 2012 ባለው መረጃ የሪቨርዴል ነዋሪ የዓመት ገቢ 8,201 ዶላር ሲሆን የኒር ኖርዝ ሳይድ 88,669 ነው። ያውም አንድ ከተማ ውስጥ!

የወንጀሉን ብዛት በቀይ ቀባን፤ የበዛበትን ደማቅ፣ ያነሰበትን ፈዛዛ። ላፕቶፑን ልንዘጋ ስንል መርካቶ ያደገው ጓደኛችን "ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ነው" አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ዶርም በገባ ሰሞን ሰፈሩን ሲናገር አንዱ እንደ ቀልድ ስልኩን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ "የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ" ብቻ ነው የሚለው። (ሁለት ዓመት አብረን ስናፈጥር ይህን አናውቅም ነበር።)

"መርካቶ ስልክ ይሰረቃል፣ እውነት ነው። ግን በቀን ስንት ሰው ነው የሚገባው? ሌባውስ የሰፈሩ ልጅ መሆኑን ማን አየ?" አለን።

ወደ ዳታው ተመለስን። ሉፕ የሚሉት የቺካጎ መሀል ከተማ ለሥራና ለገበያ የሚጎርፍበት ሰው ከነዋሪው እጅግ ይበልጣል። ስርቆቱን ለነዋሪው ብቻ ብናካፍለው እዚያ የሚኖር ሁሉ ሌባ ሊመስል ነው። ነጥቡም ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ እንጂ የወንጀለኛው ቤት አይደለም። ሰው ለፖሊስ የማያመለክትበት ሰፈር ደግሞ ካርታው ላይ ንጹሕ ነው።

ቀዩ ቀለምም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የቤት ብድር ተቋም ባሠራቸው ካርታዎች ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለብድር አደገኛ ተብለው ቀይ ተቀብተዋል፤ ቺካጎም አለችበት። ብድር ያጣ ቤት ማን ያድሰዋል?

መድረሳ ሳለን ሱረቱል ሑጁራትን ስንሐፍዝ መጥፎ ጥርጣሬ በአንድ ወንድም ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለን ነበር። በአንድ ክሊክ ሰፈር ሙሉ ሰው ላይ እንደሚደርስ አላሰብንም።

ካርታውን ግን አልተውነውም። ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ ወንጀሉ ቢደበቅ ምን ይጠቀማል? ግድያን ከስርቆት ለየን፣ ገቢውንና የቤቱን መጨናነቅ ጎን ለጎን አስቀመጥን፣ ቀዩን በሰማያዊ ቀየርን። "አደገኛ ሰፈሮች" የሚለውን ርዕስ ጓደኛችን ሰርዞ "ለፖሊስ የደረሱ ወንጀሎች፣ በተፈጸሙበት ቦታ" ብሎ ጻፈ። መምህራችን ርዕሱ ረዘመ አሉን። አላሳጠርነውም።