ዘፈኑን አትቁረጡብን

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የጨረሰ መንገደኛ ድብ ባሕር ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል። ደጋው ከበላይ ቀርቷል፤ ሙቀቱ ጀምሯል። ሻይ ቤት ጎራ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሕንድ ትርጉም ፊልም ተከፍቶ ያገኛል። አንድ ተርጓሚ ድምፁን እየለዋወጠ አባትም፣ ልጅም፣ ወንበዴም፣ ሙሽራም ይሆናል፤ ሰዉም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አፉን ከፍቶ ያያል። ዘፈኑ ሲመጣ ግን ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ተርጓሚው ያወራበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የሕንድ ፊልም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በፈረንጆቹ 1957 የተሠራውን "ማዘር ኢንዲያ"ን አይተው ያለቀሱ እናቶችና አባቶች ዛሬም ያነሱታል። ሂንዲ የሚሰማ በመካከላቸው ስንት ነበር? ፊት እያዩ፣ ዜማ እየሰሙ ነው የተከተሉት።

"ፓኪዛ" የተባለውን ፊልም እንውሰድ። ሳሂብጃን በባለጸጎች ፊት እየዘፈነች የምትጨፍር ሴት ናት። ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ አንድ የማታውቀው ሰው በእግሮቿ ውበት ይማረክና፣ መሬት እንዳታስነካቸው የሚለምን ወረቀት ትቶላት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የባቡር ፉጨት በሰማች ቁጥር ልቧ ይሸፍታል። "ቻልቴ ቻልቴ" የተባለው ዘፈኗ ሲያበቃ ያ ፉጨት ከሩቅ ይመጣል። ዘፈኑን የቆረጠ ፉጨቱንም ቆረጠው፤ ልጅቱ ለምን እንደምትፈዝ ተመልካቹ በምን ይወቅ? እኛ ሰፈር ባቡር የለም፤ ግን ከኩርባው ማዶ የመኪና ጡሩምባ ሰምቶ "የኔ ሰው ይሆን?" ብሎ ከደጅ የወጣ የሊማሊሞ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ፊልሙ ራሱ ብዙ መከራ አይቷል። ሥራው በ1950ዎቹ ተጀምሮ ለሕዝብ የቀረበው በ1972 ነው። የዘፈኖቹ ዜማ ደራሲ ጉላም ሞሐመድ በ1968 ሞተ፤ የቀረውን ሙዚቃ ናውሻድ ጨረሰው። መሪ ተዋናይቱ ሚና ኩማሪም ፊልሙ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ አረፈች። የምናየው ፊት የእሷ ነው፤ ስትዘፍን የምንሰማው ድምፅ የላታ ማንጌሽካር። በተሰበረ ብርጭቆ ላይ በሚጨፈረው የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ፣ ሚና ታማ ስለነበር፣ ፓድማ ካና ተተክታላታለች። ስለ እግር ውበት በተሠራ ፊልም ውስጥ የሌላ ሴት እግር ሲደማ ማየት! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ጭፈራ ሳላዝን አይቼው አላውቅም።

ጎንደር አዝማሪ የሚያውቅ አገር ነው፤ ሳሂብጃንም ልታስቸግረው አይገባም። ያጨበጭቡላታል፣ ይሸልሟታል፤ የትዳር ወሬ ሲነሳ ግን ስሟ ነውር ይሆናል። አዝማሪውስ? ሰርጉ ያለ እሱ መሰንቆ አይደምቅም ነበር፤ ልጃችሁን ስጡት ሲባል ግን ስንቱ ዘር ቆጠረ! ይህን በደል ንግግር ብቻውን አይነግረንም። ፊልሙም አንጀት የሚበላው በዘፈኑ በኩል ነው።

ዜማውም ቢሆን ከጆሯችን የራቀ አይደለም። ሕንዶች ቡፓሊ በሚሉት ራግ፣ ማለትም የዜማ ቅኝት፣ ውስጥ ያሉት አምስት ድምፆች በትዝታ ሜጀር ውስጥ ያሉት አምስቱ ናቸው። ላታ በ1961 "ባቢ ኪ ቹዲያን" ለተባለው ፊልም የዘፈነችው "ጆቲ ካላሽ ቻልኬ" በዚሁ የተሠራ ነው። ክራር ያለው ትዝታ ቃኝቶ አብሮ ይሞክረው። አካሄዱና ጌጡ ይለያያል፤ ድምፆቹን ግን ጣቱ ያገኛቸዋል።

እናንተ ተርጓሚዎች፣ እንጀራችሁ ይባረክ፤ በእናንተ ምክንያት ስንት ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓለምን አይቷል። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ምን እንደሚል በሁለት ቃል ንገሩንና ዝም በሉ፤ እስኪያልቅም ልቀቁት።